የጓዳው ግንባር

ጥይት ይከብዳል። አንዲት ፍሬ ኪስ ውስጥ ብትገባ አትታወቅም፤ ሃምሳ ሲሆኑ ግን የቀሚስ ጠርዝ ይጎትታሉ፣ በተራመዱ ቁጥር ይንቀጫቀጫሉ፣ የተሸካሚውን አካሄድ ይለውጣሉ። በ1930 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ ወደ ቡልጋ ወይም ወደ ሜጫ ጥይት ማሻገር የነበረባት ሴት የመጀመሪያ ጣጣዋ ጣሊያን ሳይሆን ድምፅ ነበር። ፍሬው እርስ በርሱ እንዳይጋጭ በጨርቅ ይጠቀለላል፣ ወይም እህል ውስጥ ይቀበራል። እህሉም ቢሆን ከልኩ በላይ መክበድ የለበትም። ኬላ ላይ የቆመው አስካሪ፣ ለጣሊያን ያደረው ጥቁር ወታደር፣ ስልቻውን አንስቶ ቢመዝነው ሁለት ቁና ጤፍ ስንት እንደሚከብድ አይጠፋውም፤ እሱም የገበሬ ልጅ ነው።

ኬላው ላይ ደግሞ መልስ ያስፈልጋል። ከየት መጣሽ? ወዴት ትሄጃለሽ? ማን ዘንድ? መልሱ አጭር፣ ተራና ሊጣራ የማይችል መሆን አለበት። ዘመድ ታመመብኝ፣ ተዝካር አለብን፣ ልጄን ክርስትና ላስነሳ ነው። ብዙ የሚያወራ ሰው ይጠረጠራል፤ ጨርሶ የማያወራም እንደዚያው። እህሉን ተሸክማ ኬላውን ያለፈችው ሴት ማታ ትመለሳለች፣ ጠዋት ደግሞ ጣሊያኑ ሹም ቤት ገብታ ልብስ ታጥባለች።

በዱር በገደል የሚዋጉት አርበኞች ሲባሉ፣ ጠላት በያዘው ከተማ ተቀምጠው የሚረዷቸው የውስጥ አርበኞች ተባሉ። ጸሐፊ ነበረባቸው፣ አስተርጓሚ ነበረባቸው፣ ሾፌር ነበረባቸው፣ ቄስ ነበረባቸው፤ ጠላ የምትጠምቅ፣ እንጀራ የምትሸጥ፣ ባለ ርስት ወይዘሮ ነበረችባቸው። ብዙዎቹ ጠመንጃ ተኩሰው አያውቁም።

ስለ ወረራና ስለ ስለላ የተሠራ ፊልም ሲነሳ ግን በብዙዎቻችን ዓይን ላይ የሚመጣው ፓሪስ ነው። ዝናብ የመታው ጎዳና፣ ካፖርት የለበሰ ሰው፣ ባቡር ጣቢያ ላይ የምትቀያየር ቦርሳ። ዣን ፒየር ሜልቪል በ1969 እ.ኤ.አ. ስለ ፈረንሳይ የኅቡዕ ተዋጊዎች የሠራው ፊልም የዚህ ዓይነት ሥራ ሁሉ አባት ሆኖ ኖሯል። ከእሱ በኋላ ሆላንዶች ሠርተዋል፣ ዴንማርኮች ሠርተዋል፣ ኖርዌዮች ሠርተዋል። እኛም በየሳሎናችን ተቀምጠን ልባችን እስኪቆም አይተናል። ቀኑን ስናስተያይ ግን ነገሩ ያስገርማል። ፓሪስ በጀርመን እጅ የወደቀችው ሰኔ 7 ቀን 1932 ዓ.ም. ነው። የማርሻል ባዶሊዮ ጦር አዲስ አበባ የገባው ደግሞ ሚያዝያ 27 ቀን 1928። ፓሪሶች የፋሺስት ባንዲራ በከተማቸው ሲውለበለብ ማየት ምን እንደሚመስል ከማወቃቸው በፊት፣ የእኛ ሰዎች በዚያ ሥር ሆነው መደበቅን፣ መዋሸትን፣ መረጃ ማሻገርን አራት ዓመት ተለማምደውታል።

በእኛ ዘንድ የዚያ ዘመን ታሪክ ሲተረክ ጎፈርና ጋሻ ይቀድማል። መቅደሙ አያስከፋም፤ የሸዋ፣ የጎጃምና የበጌምድር አርበኛ የከፈለው ዋጋ ታላቅ ነው። መዓዛ መንግሥቴ በ2020 እ.ኤ.አ. ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዙር በደረሰው ልቦለዷ ሴቶቹን ከጀርባ ወደ ፊት አምጥታቸዋለች፤ ያም ቢሆን መድረኩ ጦር ሜዳው ነው። ከተማው ገና ነው። ጓዳው ገና ነው። በእኔ ግምት ደግሞ ከወረራው ዘመን ሁሉ ለልብ አንጠልጣይ ታሪክ የሚበጀው ይኸው ያልተነካው ክፍል ነው፤ ጠላትና ወዳጅ በአንድ በር የሚገቡበት፣ በአንድ ጎድጓዳ ሳህን የሚበሉበት ስለሆነ።

ጣሊያን አገሩን ያዘ ሲባል በተግባር የያዘው ከተማውንና መንገዱን ነው። ከመንገዱ ዳርና ዳር ምሽግ ይሠራል፣ በምሽጉ መካከል የስንቅና የመሣሪያ ጭነት በአጀብ ይመላለሳል፣ ከላይ አውሮፕላን ያንዣብባል። ከመንገዱ ግማሽ ቀን የራቀው አገር ሌሊት ሌሊት የአርበኛው ነው። እንዲህ ባለ ጦርነት የአርበኛው ትልቁ ሀብት ወሬ ነው። ጭነቱ መቼ ይነሳል? ስንት መኪና ነው? አጃቢው ነጭ ነው ወይስ አስካሪ? የትኛው ምሽግ ወታደሩ ተቀንሶበታል? እነዚህን ጥያቄዎች ጫካ ሆኖ መመለስ አይቻልም። የሚመልሳቸው ቢሮ ጠርጎ የሚወጣ፣ ደብዳቤ የሚገለብጥ፣ መኪና የሚያጥብ፣ ለመኮንኑ ቡና የሚያቀርብ ሰው ነው።

ሁለተኛው ችግር ጥይት ነበር። የአርበኛው ጠመንጃ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ምንሽር አለ፣ ውጅግራ አለ፣ ቤልጅግ አለ፣ ከጣሊያን የተማረከም አለ። የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም። ከውጭ የሚገባ መሣሪያ እንደልብ በሌለበት፣ ጥይት በብዛት ያለው ጠላት ካምፕ ውስጥ ነው። ከዚያ የሚወጣው ደግሞ ወይ በምርኮ፣ ወይ በስርቆት፣ ወይ በግዢ ነው። ለግዢ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ገንዘብ ሲባል ማርትሬዛ ብር ማለት ነው። ጣሊያን ሊሬውን በግድ ሊያስለምድ ቢሞክርም ሕዝቡ ወረቀቱን አልቀበልም አለ፤ ያንኑ የኦስትሪያዋን ንግሥት ምስል የያዘ ብር ጣሊያን ራሱ ሮማ ላይ ያትም ነበር። አንዱ ብር 28 ግራም ያህል ይመዝናል። ስለዚህ ለጥይት መግዣ መቶ ብር ደብቆ የሚሄድ ሰው ወደ ሦስት ኪሎ የሚጠጋ፣ የሚያንቃጭል ብረት ተሸክሟል ማለት ነው። ሲሄድ ብሩ፣ ሲመለስ ጥይቱ፤ በሁለቱም በኩል ክብደትና ድምፅ።

ከዚህ ሁሉ የዕለት ተዕለት ድብብቆሽ መካከል አንድ ቀን ብቻ ለዓለም ሁሉ ታየ፦ ዓርብ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም.

ምክንያቱ የኔፕልስ ልዑል መወለድ ነበር። የጣሊያን አልጋ ወራሽ ልጅ ስለተወለደ የጣሊያኑ እንደራሴ ግራዚያኒ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ዛሬ የዩኒቨርሲቲው ስድስት ኪሎ ግቢ በሆነው ቦታ፣ ለድሆች ምጽዋት እንዲሰጥ አዘዘ። በሺዎች የሚቆጠሩ ነዳያን ግቢውን ሞሉት። መኳንንቱ ተጠሩ፣ ጳጳሱ አቡነ ቄርሎስም መጡ። እኩለ ቀን ሲቃረብ ከተሰብሳቢው መካከል የእጅ ቦምብ ተወረወረ፤ ሌላ ተከተለ፤ እንደገና ሌላ። በግራዚያኒ ገላ ውስጥ በመቶ የሚቆጠር ስብርባሪ ገባ። የአየር ኃይሉ አዛዥ ጄኔራል ሊዮታ እግሩን አጣ። አቡነ ቄርሎስም ቆሰሉ።

ወርዋሪዎቹ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ነበሩ። ሁለቱም የኤርትራ ተወላጆች ናቸው፤ የጣሊያንን ቅኝ አገዛዝ ከአዲስ አበባው ሰው ቀድመው ያወቁ። አብርሃ በጣሊያኖቹ የፖለቲካ ቢሮ ተቀጥሮ የሚሠራ፣ ፊቱ የሚታወቅ፣ ሲገባ ሲወጣ የማይጠየቅ ሰው ነበር። የስለላ ታሪክ ጸሐፊ ሁሉ የሚመኘው ገጸ ባሕርይ ይኸው ነው። ጠላት ደመወዝ የሚከፍለው፣ ጠዋት ከአለቆቹ ጋር ሰላምታ የሚለዋወጥ፣ ማታ ቤቱ ገብቶ ሌላ ሰው የሚሆን። በኋላ ቤቱ ሲፈተሽ የጣሊያን ባንዲራ ወለል ላይ ተነጥፎ፣ በሳንጃ ተወግቶ፣ ሳንጃው ላይ የኢትዮጵያ ሰንደቅ ታስሮ ተገኘ። በሙያው ሕግ ከሄድን ይህ ትልቅ ስህተት ነው፤ ሰላይ ፊርማውን ጥሎ አይሄድም። ግን አብርሃ የሰለጠነ ሰላይ አልነበረም። ወራት ሙሉ አጎንብሶ የሠራ ሰው፣ አንድ ቀን ያለ ቃል ልቡን ተናግሮ ሄደ። ፊልም የሚሠራ ሰው ይህን ትዕይንት እንዳይቆርጠው እለምናለሁ።

የሁለቱ ስም በየትምህርት ቤቱ ይጠራል። የሦስተኛው ሰው ስም ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ስምዖን አደፍርስ ይባላል፤ መኪና ነበረው። ቦምቡ ሲፈነዳ፣ ጠባቂዎቹ ያገኙት ላይ ሲተኩሱ፣ ግቢው በጩኸት ሲናወጥ፣ ሁለቱን ከከተማ ማውጣት የእሱ ድርሻ ነበር። በሰሜኑ መንገድ፣ በፍቼ አቅጣጫ፣ ወደ ደብረ ሊባኖስ አወጣቸው። በዚያ ዘመን ከአዲስ አበባ በመኪና መውጣት ዛሬ እንደምናስበው አይደለም። የሐበሻ መኪና ጥቂት ነው፣ ባለቤቱ ይታወቃል፣ መንገዱ ላይ አቧራው ሳይቀር ይመሰክራል። ከዚያ በኋላ የሆነው ነው ነገሩን የሚያከብደው። ሁለቱ ወደ አርበኞቹ አመለጡ፤ ስምዖን ከተማው ውስጥ ተያዘ። በምርመራ ሥቃይ ሞተ።

ስለዚህ ሰው ባሰብኩ ቁጥር ቦምብ ከመወርወር ይልቅ መሪ መጨበጥ ከባድ መስሎ ይታየኛል። ወርዋሪው ድርጊቱን ፈጽሞ ይሸሻል፣ ቢሞትም በጋለ ስሜት ውስጥ ነው። ሾፌሩ ግን መንገዱን ሁሉ እያሰበ ይነዳል። ደግሞ ቤት አለው፣ ቤተሰብ አለው፣ የሚጠብቀው ደንበኛ አለው፤ በድንገት ቢጠፋ መጥፋቱ ራሱ ማስረጃ ይሆንበታል። ተራ ሰው ከጠላት ጋር ሲታገል የሚገጥመው ወጥመድ ይኸው ነው። ሥራው እንዳይታወቅ ኑሮውን እንደ ወትሮው መቀጠል አለበት፤ ኑሮውን ከቀጠለ ደግሞ የት እንደሚገኝ ሁሉም ያውቃል።

አብርሃና ሞገስ ሱዳን አልደረሱም፤ ወደዚያ ሲያመሩ መንገድ ላይ ተገደሉ።

ከቦምቡ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ቢሆንም ሳይጠቀስ አይታለፍም። የፋሺስት ፓርቲው የከተማ ኃላፊ ጊዶ ኮርቴዜ ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹን ለቀቃቸው። ሦስት ቀን ሙሉ በጥይት፣ በዶማ፣ በቤንዚን ሰው አለቀ፤ የሣር ቤቶች ሰው ከውስጥ እያለ ነደዱ። የኢትዮጵያ መንግሥት 30,000 ሰው ሞተ ሲል፣ በጉዳዩ ላይ ዓመታት የፈጀው ተመራማሪ ኢያን ካምቤል ወደ 19,000 ይገምታል። ከዚያ ቀጥሎ የተማረው ወጣት እየታደነ ተረሸነ። በመቶ የሚቆጠሩ መኳንንትና ወይዛዝርት ወደ ጣሊያን ተጋዙ፤ ሌሎች ሶማሊያ ውስጥ ዳናኔ፣ ቀይ ባሕር ላይ ኖኩራ ደሴት ተጣሉ። ግንቦት 12 የአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓል ሲከበር የጄኔራል ማሌቲ ጦር ደብረ ሊባኖስን ከበበ፤ በማግስቱ 297 መነኮሳት መረሸናቸውን ለግራዚያኒ አሳወቀ። ከቀናት በኋላ ዲያቆናቱ ተከተሉ። ካምቤል ጠቅላላውን ሟች ከ1,000 በላይ ያደርሰዋል።

ግራዚያኒ ጥርጣሬው የት ድረስ እንደሄደ የሚያሳይ አንድ ቴሌግራም አለ፤ በመጋቢት 1929 ወደ ሮማ የላከው። በከተማውና በዙሪያው ያሉ አዝማሪዎች፣ ጠንቋዮችና ነገር ተንባዮች ሁሉ እንዲረሸኑ አዝዣለሁ፣ እስከ ዛሬም ሰባ ያህል ተወግደዋል ይላል። ሰውየው ጨካኝ እንጂ ሞኝ አልነበረም። ጋዜጣው በእጁ ነው፤ «የቄሳር መንግሥት መልእክተኛ» እና «የሮማ ብርሃን» በአማርኛ እየታተሙ የሮማን ቸርነት ይሰብካሉ። ማንበብ የሚችለው ግን ጥቂት ነው። ሰፊው ሕዝብ ወሬውን የሚሰማው ጠጅ ቤት ከሚያዜመው አዝማሪ፣ ከገበያ ገበያ ከሚዞረው ባሕታዊ፣ የጣሊያን ዘመን እንዲህ ባለ ወር ያልቃል ከሚለው ተንባይ ነው። እነዚህ ሰዎች ድንበር አያውቁም፣ ሻንጣ የላቸውም፣ የትም ቢገኙ አያስገርሙም። ሬዲዮ ጣቢያን የሚፈራውን ያህል ማሲንቆን ፈራ።

የጭፍጨፋው ዓላማ ማስፈራራት ነበር፤ ውጤቱ ሌላ ሆነ። ከተማ መኖር ከጫካ መኖር እኩል የሚያስገድል ከሆነ፣ ጫካው ይሻላል ያለው ወጣት ወጣ። የቀረው ደግሞ፣ በተለይ ሴቱ፣ የወጣውን ወንድምና ባል መርዳት ጀመረ። የውስጥ አርበኝነት መልክ የያዘው በአብዛኛው ከዚህ በኋላ ነው። መዋቅር የሚባል ነገር ከተፈለገ መዋቅሩ ዘመድ ነው። ማን ማንን ያምናል? ያገባውን፣ ያበላውን፣ ክርስትና ያነሳለትን። ለመሰብሰብ ሰበብ አይጠፋም፤ ጽዋ ማኅበር አለ፣ ለቅሶ አለ፣ የወር በዓል አለ። ለቅሶ ቤት ውስጥ ሃያ ሰው በሹክሹክታ ሲነጋገር የትኛው ካራቢኜር፣ የትኛው የጣሊያን ፖሊስ፣ ምን ብሎ ይጠይቃል?

ሴቶቹ ላይ ያለው ነገር ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይሻል። ጣሊያኖቹ ሐበሻን ይንቁ ነበር፤ ሐበሻ ሴትን ደግሞ ጭራሽ አያዩአትም። በ1929 ዓ.ም. በወጣው ሕግ ጣሊያናዊ ከአገሬው ሴት ጋር በትዳር መልክ እንዳይኖር ቢከለከልም፣ ቤቱን የምትጠርገው፣ የምታበስለው፣ የምታጥበው እሷ ናት። በእሷ ፊት ያወራል፣ ካርታ ይዘረጋል፣ ስልክ ይመልሳል። ትሰማኛለች ብሎ አያስብም። ንቀቱ በር ከፈተላቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከእነዚህ ሴቶች ስማቸው ከፍ ብሎ የሚነሳው ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ናቸው። ድሃ አልነበሩም፤ ዝም ብለው ቢቀመጡ የሚያጡት ነገር አልነበረም። ጣሊያን አስሮ ወደ አሲናራ ደሴት አጋዛቸው። አሲናራ ከሰርዲንያ አጠገብ ያለች፣ ከእኛ አገር የተጋዙ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች የታጎሩባት ደረቅ ደሴት ናት፤ ደራሲዋ ስንዱ ገብሩም እዚያው ታስረዋል። ወይዘሮ ሸዋረገድ ሲፈቱና አገራቸው ሲመለሱ ጣሊያኖቹ የተገራች ሴት መለስን ብለው አስበው ይሆናል። እሳቸው ግን ሥራቸውን ከተዉበት ቀጠሉ፤ ገንዘብ ማሰባሰብ፣ ስንቅና ጥይት ማሻገር፣ መረጃ ማቀበል። በአዲስ ዓለም የጣሊያን ምሽግ ላይ ከተካሄደው ጥቃት ጋር ስማቸው ከወጣቱ አርበኛ ከጃገማ ኬሎ ስም ጎን ይጠራል። ዳግም ተይዘውም ከባድ ሥቃይ ደርሶባቸዋል።

እዚህ ላይ ዕድሜውን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ጃገማ ጫካ ሲገባ ገና የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበር። ወይዘሮ ሸዋረገድ በዕድሜ እናቱ የሚሆኑ ሴት ናቸው። አንዱ ዘሎ ምሽግ የሚገባ፣ አንዷ ምሽጉ ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ የምታጣራ። የስለላ ፊልም ሁሌ ሁለት ቆንጆ ወጣት ይፈልጋል፤ የእኛ ታሪክ ግን ነጠላ ያጣፋች ወይዘሮና የጎፈረ ልጅ ያቀርባል። ለእኔ ይኸኛው ይበልጥብኛል።

የሚያስፈራው ጠላት ነጩ ጣሊያን አልነበረም። እሱ አማርኛ አያውቅም፣ ጎረቤት አይደለም፣ የማን ልጅ የት እንደገባ አይነግሩትም። የሚያስፈራው ለእሱ የሚነግረው ነው። ጣሊያን ለጠቋሚ ይከፍላል፤ ችግረኛ ደግሞ ሞልቷል፤ ቂመኛም አለ፤ የርስት ክርክር የተሸነፈ ሰው ባላጋራውን አርበኛ ይረዳል ብሎ በአንድ ቃል ሊያጠፋው ይችላል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ስለዚህ ሕጉ አጭር ነበር፤ ማወቅ የማይገባህን አትጠይቅ። ጥይት አቀባዩ የመጨረሻ ተቀባዩን አያውቅም፣ መልእክተኛው ደብዳቤውን አያነብም። ተይዞ ቢገረፍ የሚናገረው እንዳይኖረው፣ እንዳያውቅ ይደረጋል። ባል ከሚስቱ፣ እናት ከልጇ የሆድን በሆድ ይዘው ኖረዋል።

በሌላ በኩል ባንዳና አርበኛ እንደምናስበው በነጭና በጥቁር የተለያዩ አልነበሩም። ኬላ ላይ የቆመው አስካሪ ስልቻውን ፈትሾ ያገኘውን እንዳላየ ሊሆን ይችላል። በጣሊያን ጦር የነበሩ ብዙ የኤርትራ ወታደሮች ከነመሣሪያቸው ወደ አርበኞች ከድተዋል። ቀን ለጣሊያን ያደረ ሹም ሌሊት ለአርበኛ ስንቅ የሚልክበት ጊዜ ነበር፤ አንዳንዱ ከልቡ፣ አንዳንዱ ነገ የሚሆነው አይታወቅም ብሎ። ልበ ሙሉው አርበኛም ያው ሁለት ፊት ያስፈልገው ነበር። አበበ አረጋይ፣ ከወረራው በፊት የአዲስ አበባ ፖሊስ አዛዥ የነበሩት የሸዋ አርበኞች መሪ፣ በ1932 ዓ.ም. ከጣሊያኑ ጄኔራል ናሲ ጋር የእርቅ ድርድር ያዙ። ጣሊያኖቹ ትልቁ አርበኛ ሊገባልን ነው ብለው ጠበቁ። ደብዳቤ ይመላለሳል፣ ሽማግሌ ይመላለሳል፣ ቀን ይቀጠራል፣ ቀኑ ያልፋል። በዚያ መካከል የአርበኛው ጦር አረፈ፣ ገበሬው አረሰ፣ ጥይት ተሰበሰበ። አበበም ሳይገቡ ቀሩ።

የከተማውንና የጫካውን ሥራ ከውጭው ዓለም ጋር ያገናኘው ደግሞ ሎሬንዞ ታዕዛዝ ነው። ኤርትራ ተወልዶ ፈረንሳይ ሕግ የተማረ፣ በስደት የነበሩት ንጉሠ ነገሥት ጄኔቭ ላይ ባሰሙት ንግግር ዝግጅት እጁ ያለበት፣ ክራቫት የለመደ ዲፕሎማት። ይህ ሰው በሱዳን በኩል በስውር ጎጃም ገብቶ ከአርበኛ አርበኛ እየዞረ ማን ስንት ሰው እንዳለው፣ ማን ከማን እንደተጣላ፣ ንጉሠ ነገሥቱን የሚቀበለው የትኛው እንደሆነ መዝግቦ ወጣ። ብሪታንያውያን ከጣሊያን ጋር ጦርነት ሲገቡ፣ በነሐሴ 1932 የኮሎኔል ሳንድፎርድ ቡድን ጎጃም ሲዘልቅ፣ ጥር 12 ቀን 1933 ንጉሠ ነገሥቱ ኦሜድላ ላይ ድንበሩን ሲሻገሩ፣ ሰው የሌለበት አገር አልነበረም የገቡት። የሚጠብቅ ሰው መኖሩ አስቀድሞ ታውቋል።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933፣ ባዶሊዮ በገባበት ቀን በአምስተኛ ዓመቱ፣ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ። የስለላ ፊልሞች አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ያበቃሉ፤ ባንዲራ፣ እልልታ፣ መጋረጃ። የእኛው ታሪክ የሚከብደው ከዚህ በኋላ ባለው ላይ ነው። ሹመት ሲታደል ከስደት የተመለሰው፣ ጫካ የከረመውና ለጣሊያን ያደረው በአንድ ደጅ ጠኑ። ለጣሊያን ካደሩት ብዙዎቹ የአስተዳደር ሥራ ያውቃሉ ተብለው ወንበር አገኙ። አርበኛው ይህን ዋጥ አድርጎ የሚያልፍ አልሆነም። የጎጃሙ አርበኛ በላይ ዘለቀ በ1937 ዓ.ም. ተሰቀለ፤ ከጠላት ጋር አምስት ዓመት የታገሉት ታከለ ወልደ ሐዋርያት እስር ቤት ሲገቡ ሲወጡ ኖሩ።

የዱሩ አርበኛ ግን ቢያንስ የሚያሳየው ነበረው፤ ቁስል አለው፣ የማረከው ጠመንጃ አለው፣ አብሮት የዋለ ጭፍራ አለው። የውስጥ አርበኛዋ ምን ታሳያለች? የሥራዋ ጥራት የሚለካው ምንም ምልክት ባለመተዉ ነበር። ወረቀት ከጻፈች ትያዛለች፣ ሰው ካወቃት ትሞታለች። ጣሊያን ቤት ስታጥብ ያዩዋት ጎረቤቶቿ ለጣሊያን ያደረች ነች ይሏታል፤ እሷም አምስት ዓመት ሙሉ እንዲሉ ፈቅዳላቸዋለች፣ መሸፈኛዋ ነበርና። ነፃነት ሲመጣ ለሜዳሊያና ለመሬት ምስክር አምጪ ስትባል፣ ሥራዋን የሚያውቁት ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ከእነሱ አንዱ በየካቲት አልቆ፣ ሌላው ከዳናኔ ሳይመለስ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው በሕይወት ካለና ሹመት ካገኘ፣ ደጁ ላይ ቆማ እስኪያስገባት መጠበቅ ነበረባት።